የሰብለ ፍሬንና የእኔ አምስት ቀናት

ባሕር ዳር የኖረ ሰው ቁልቁለት ምን እንደሆነ አያውቅም። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብስክሌት የጠገንሁ ሰው ነኝ፤ ይበልጣል ብስክሌት ሠሪው ቢባል ሰፈሩ ሁሉ ያውቀኛል። ግን እውነቱን ለመናገር በእኛ ከተማ ፍሬን ጌጥ ነው። ከደንበኞቼ ግማሹ የሚቆመው በጫማው ነው፤ የቀረው የሚቆመው የሚያውቀው ሰው መንገድ ላይ ሲያገኝ ነው። እንዲህ ካለ ሜዳ አገር የወጣሁት ሰውዬ ጮቄ ተራራ ሥር ሄጄ ፍሬን እንድሠራ ተላክሁ። ወደዚያ ለማትሄዱ ሁሉ የሆነውን ሳልጨምር እነግራችኋለሁ፤ ብጨምርም ጥቂት ነው።

የላከችኝ ታላቅ እህቴ ናት፤ እታለም እላታለሁ። ልጇ ሰብለ የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ሮብ ገበያ ተመድባ ከቀበሌ ቀበሌ የምትዞረው ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ በገዛችው ብስክሌት ነው። የዚህ ብስክሌት ፍሬን እንደኛዎቹ በካቦ አይሳብም። ከመሪው እስከ ጎማው ቀጭን ቱቦ ተዘርግቷል፤ ውስጡ ዘይት አለ፤ መያዣውን ስትጨብጡት ዘይቱ ሄዶ የፍሬኑን ሸራ ጎማው መሐል ካለች የብረት ሳሕን ጋር ያጣብቀዋል። ታዲያ አንድ ቀን ሰብለ አንድ በሬ ስትወጋ በሬው ተራገጠና የኋላውን ቱቦ ከጫፉ ቦጨቀው። እሷ አላየችም። የፊተኛው ፍሬን ከድሮም ደካማ ነበር፤ የክትባት ሣጥኗን ጭና ቁልቁለቱን ጀመረችና የቆመችው የገለባ ክምር ውስጥ ነው። የፊት ጥርሷ በግማሽ ተሰበረ።

እታለም የዚያን ጥርስ ፎቶ ካየች ወዲህ እህል አልቀመሰችም ማለት ይቻላል። ጠርታ ያዘዘችኝ እንዲህ ብላ ነው፦ «ሄደህ አየት አድርገውና አይሠራም በላት። ከዚያ አውቶቡስ ላይ ጭነህ ይዘህልኝ ና። እሱን ሳትይዝ ከመጣህ ፊትህን እንዳታሳየኝ።» እሺ አልሁ። እሺ ለማለት የቀለለኝ በሌላ ምክንያት ነው፤ የዘይት ፍሬን ፈትቼ አላውቅም ነበር። ለሰው ግን ይህን አልተናገርሁም። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው አላውቅም ለማለት ጊዜው ያልፍበታል።

ማክሰኞ

ጥቅምት መጨረሻው ነው። መንገዱ ሰላም ነው ስለተባለ ሰው ሁሉ የተወው ጉዳይ ትዝ ብሎት አውቶቡሱ ጢም ብሏል። ረዳቱ የመፍቻ ሣጥኔን ጣራ ላይ ሊወረውረው ሲል ነጥቄ ጭኔ ላይ አስቀመጥሁት። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ብዙ ካዩኝ በኋላ የብረት ብርድ ለጉልበት አይሆንም ብለው የጋቢያቸውን ጫፍ ከሣጥኑ በታች አነጠፉልኝ። ስድስት ሰዓት ሙሉ በአንድ ጋቢ እንደ ባልና ሚስት ተጓዝን።

ፍኖተ ሰላም ለምሳ ወረድን። ዓሣ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አስተናጋጇ ከላይ እስከ ታች አየችኝና የመጣሁበትን አወቀች፤ ጥብስ አመጣችልኝ። ደምበጫ ላይ አንድ ባጃጅና አንድ የፈረስ ጋሪ መንገዱን ዘግተው ቅድሚያ የማን ነው እየተባባሉ አገኘናቸው፤ ባለፈረሱ አሸነፈ። አማኑኤል ስንደርስ ተሳፋሪው ሳይመካከር መስኮቱን ሁሉ ዘጋ። እኔ ለምን እንደሆነ የገባኝ ደብረ ማርቆስ ወርጄ ነው።

እኛ አገር ብርድ የሚባለው ጠዋት ላይ ሹራብ የሚያስለብሰው ነው። የደብረ ማርቆስ ብርድ ከሹራቡ ጋር ወደ ውስጥ ይገባል። ለአደራው ያህል አንድ ሱቅ ገብቼ የመኪና ፍሬን ዘይት አንድ ጠርሙስ ገዛሁና አልጋ ቤት ያዝሁ። ባለቤቷ ጋቢ አለመያዜን ስታይ አዘነች። አንድ ብርድ ልብስ ጨመረች፤ ቀጥሎ ሙቅ ውኃ በሳፋ ለእግሬ አመጣች፤ በመጨረሻ የራሷን ጋቢ ሰጥታኝ ስትመለስ ታስቀምጥልኛለህ አለች። በኛ ከተማ ለማያውቁት ሰው ጋቢ የሚያውስ አልጋ ቤት አላየሁም። እርግጥ በኛ ከተማ ጋቢ የሚፈልግ እንግዳም የለም።

ረቡዕ

ወደ ሮብ ገበያ የሚወጣው ሚኒባስ ከሰው ይልቅ ጆንያ ይበዛዋል፤ የገበያው ቀን ነውና። መንገዱ ይወጣል፣ ይወጣል፣ አሁን አበቃ ስትሉ እንደገና ይወጣል። እኔ የማስበው ስለ መውጣቱ አልነበረም፤ ይህንኑ ሰብለ በብስክሌት ትወርደዋለች።

ሰብለ ከሚኒባሱ በር ላይ ጠበቀችኝ። ስትስቅ ግማሹ ጥርስ ታየኝና እህቴ ገባችኝ። «ጋሼ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ!» ብላ ሣጥኔን ከእጄ ቀማችኝ። በሙሉ ልቧ የምታምነኝ መሆኗን ሳይ ከፊቷ ዞር አልሁ።

የተከራየችው አያ ጫኔ ከሚባሉ ሽማግሌ ግቢ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ ገና ከበር ድንች ቀቅለው በአዋዜ አቀረቡልን። ምሳ የድንች ወጥ ነበር። ማታም ድንች ነበር፤ በሌላ መልክ። የጾም ቀን በመሆኑ አላጉረመረምሁም፤ ደግሞም እንደዚያ ያለ ድንች በልቼ አላውቅም። የእኛ ድንች ከሩቅ አገር ተጉዞ የሚመጣ ነው፤ ይደክመዋል።

ብስክሌቱን ግቢው መሐል ገልብጬ አቆምሁት። ገበያ የመጣ ሁሉ ሰምቶ እየገባ ከበበኝ። ባለሙያ መስዬ መታየት ነበረብኝና የቱቦውን ዳዶ ላላ አድርጌ ሳብሁት። የቀረው ዘይት ሁሉ ሱሪዬ ላይ ወጣ። እንዲህ ነው የሚደረገው በሚል ፊት ሥራዬን ቀጠልሁ። አንድ በቅሎ የሚስቡ ሽማግሌ ዘይቱን ሲያዩ ቆዩና «የኔ በቅሎ ዘይት ሳትጠጣ ትቆማለች» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ቱቦው በብስክሌቱ ማዕቀፍ ብረት ውስጥ አልፎ የሚሄድ ነውና ሙሉውን መዝዤ አወጣሁት። የተቦጨቀው ጫፉ ላይ ብቻ ነው፤ አንድ ጣት ያህል ቢቆረጥ የቀረው ደኅና ነው፣ እርዝማኔውም ይበቃል። ጫፉ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል የነሐስ ቀለበት አለች፤ ዳዶው ሲጠብቅ እሷ ቱቦው ላይ ተጨፍልቃ ዘይቱን ትይዛለች። ይህን ሁሉ ያወቅሁት እያየሁ ነው እንጂ ተምሬ አይደለም።

ሐሙስ

ጠዋት የቱቦውን ጫፍ በምላጭ ቆረጥሁ። ወደ ማዕቀፉ መልሶ ማስገባቱ ግን ሌላ ጣጣ ሆነ፤ በአንዱ ቀዳዳ ገብቶ በሌላው አልወጣም አለ። ሰብለ ላም ሆድ ውስጥ እጇን ከትታ ጥጃ የምታወጣ ልጅ ናት። ጣቷን በቀዳዳው ሰድዳ ነካ ነካ አደረገችና ጫፉን ይዛ አወጣችው። አሮጌዋን ቀለበት መልሼ ዳዶውን አጠበቅሁና የገዛሁትን ዘይት ልከፍት ስል እጄን ያዘችኝ። የፍሬኑ መያዣ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አነበበችልኝ፤ የማዕድን ዘይት ብቻ፣ የመኪና ፍሬን ዘይት አይጨመር ይላል። ቢጨመር ውስጡ ያሉት ጎማዎች ያብጣሉ።

እግዜር ምክንያቱን በእጄ አስቀመጠልኝ ብዬ ተነሣሁ። እጄን ጠረግሁና በሐኪም ድምፅ፣ የዚህ ዓይነት ዘይት በዚህ አገር እንደማይገኝ፣ ቀለበቷም አንዴ ከተጨፈለቀች ዳግመኛ ዘይት እንደማትይዝ፣ ስለዚህ እንደማይሠራና ይዤው ብሄድ እንደሚሻል ነገርኋት።

ትከራከረኛለች ብዬ ነበር። አልተከራከረችም። ሰኞ በሦስት ቀበሌ ክትባት እንዳለ፣ በእግር ሁለቱን እንደምታደርስ፣ ሦስተኛው ግን እንደሚቀር ተናገረች። በሦስተኛው ቀበሌ አምና ክትባቱ ሳይደርስላቸው ቀርቶ ሁለት በሬያቸውን የቀበሩ እናት አሉ። ከዚያ ወደ ቤት ገባችና የብስክሌቱን ቁልፍና ትርፍ ጎማ አምጥታ ሳታየኝ ሰጠችኝ። «አንተ ካልቻልኸው ማንም አይችለውም» አለችኝ።

ቁልፉን ይዤ የአያ ጫኔ አጥር ሥር ተቀመጥሁ። በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ለደንበኛ ነገ ይደርሳል ማለት ለእኛ ሰላምታ ነው። ይሄኛው ግን አልዋጥልህ አለኝ። አይሠራም እና አልችልም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እኔ የራሴን አለማወቅ በብስክሌቱ ላይ ጥዬ ልሄድ ነበር። አፈርሁ። ተነሥቼ ሄድሁና ነገርኋት።

«ሰብለ፣ አይሠራም ያልሁሽ ውሸት ነው። የማልችለው እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ፍሬን ፈትቼ አላውቅም። እናትሽም አይሠራም በልና ይዘህ ና ብላኛለች።»

ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ግማሽ ጥርሷን አሳየችኝ። «እማዬ ብስክሌት ሠሪ ስትልክልኝ ጠርጥሬ ነበር። ታዲያ ሁለታችንም ካልቻልነው አብረን እንሞክረዋ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባሕር ዳር ያሉ ባልደረቦቼ አላምን ብለውኛል። ሰብለ የመድኃኒት ሣጥኗን ከፈተችና ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ያለበት ጠርሙስ አወጣች። ፓራፊን ነው፤ ሆዱ ለደረቀበት ከብት ይሰጣል። እሷ በትምህርቷ እንደምታውቀው ይህ ራሱ የማዕድን ዘይት ነው። ቀጥላ ለበሬ የሚሆን፣ የእጅ አንጓ የሚያህል መርፌ አመጣች። ፈረንጁ ብስክሌቱን ሲሸጥላት አብሮ የሰጣት ትንሽ ከረጢትም ነበረች፤ ውስጧ ሁለት አዳዲስ የነሐስ ቀለበቶች ተገኙ። ከረጢቷን ረቡዕ ዕለት አይቼ ቆሻሻ ነው ብያት ነበር።

አዲሷን ቀለበት አስገባን፣ ዳዶውን አጠበቅን። መርፌውን ከታች በኩል ሰክታ ፓራፊኑን ቀስ አድርጋ ወደ ላይ ገፋች፤ እኔ ከላይ ሆኜ አየር አረፋ እየሆነ ሲወጣ እቆጥራለሁ። ፍሬን ውስጥ አየር ከገባ መያዣው እንደ ሊጥ ይለሰልሳል። አረፋው አለቀ። የፊተኛውንም በዚያው ሞላነው። ጨበጥሁት፤ እንደ ድንጋይ ጠነከረ። እታለምን ሙሉ በሙሉ ረስቼ ጮህሁ። አያ ጫኔ ግን ፓራፊኑ ስንት በሬ እንደሚያስቀምጥ አስበው ብስክሌቱን ራቅ አድርገን እንድናቆም ጠየቁን።

አንድ ችግር ብቻ ቀረ። አመሻሹ ላይ ጤዛ ሲነካው ፍሬኑ ይጮሃል። ሰብለ ግቢውን አንዴ ዞራ ስትይዘው የሰፈሩ ውሻ ሁሉ መለሰላት፤ የአያ ጫኔ በቅሎ ገመዷን በጠሰች። ሲደርቅ ይተዋል ብዬ ብስክሌቱን አስገባን።

ዓርብ

ሰብለ ሥራ ከመግባቷ በፊት እኔው ልሞክረው ብዬ ነበር፤ የሠራሁት እኔ ነኝና መጀመሪያ የሚወድቀውም እኔ መሆን አለብኝ። የተዋስሁትን ጋቢ ታጥቄ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ወጣሁ። አያ ጫኔ፣ እትዬ ሙሉና ሰብለ ሊያዩ ቆሙ። ለቀቅሁት።

ቁልቁለት እንዲህ ነው ለካ። ነፋሱ እንባዬን ወደ ጆሮዬ ወሰደው። መታጠፊያው ሲመጣ የኋላውን ጨበጥሁ፤ መያዣው እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው፣ ብስክሌቱ ግን ወይ ፍንክች። የፊተኛውን ጨመርሁ። እሱም በዝምታ ተንሸራተተ። ጫማዬን ላወርድ ሳስብ መንገዱ ወደ ግራ ሄደ፣ እኔ ቀጥ ብዬ የሰው የድንች ማሳ ውስጥ ገባሁ፤ ሦስት ተራ ያህል አርሼ ቆምሁ።

ባለማሳዋ ሮጠው መጡ። ይሰድቡኛል ብዬ ዐይኔን ስጨፍን፣ እግዜር አተረፈህ እያሉ አፈሩን ከጀርባዬ አራገፉልኝ። ጉልበቴ አብጧል። እሳቸው በእኔ ምክንያት ከመሬት የወጣውን ድንች ለቀም ለቀም አድርገው በፌስታል ሰጡኝ፤ ያወጣኸው አንተ ነህ አሉኝ።

ሰብለ ከባልና ሚስቱ ጋር ወርዳ ደረሰችና የፍሬኑን ሳሕን በጣቷ ነካች፤ ጣቷን አሸተተች። ቅቤ ነው። ሁላችንም ወደ እትዬ ሙሉ ዞርን። እሳቸው ሳይደናገጡ ተናገሩ። ማታ ሲጮህ አንጀታቸው አልቻለም፤ የደረቀ ጠፍር ሲጮህ ቅቤ ይቀባል፣ ብረቱም ደርቆ ነው ብለው ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ሁለቱንም ሳሕን አሳምረው ቀብተውታል። ለእንግዳ ሥራ ብለው ለጋውን ነው የመረጡት።

አያ ጫኔ ከንፈራቸውን መጠጡ። «እኛ በዓርብ ሽሮ እየበላን ብስክሌቱ ቅቤ በላ» አሉ። እትዬ ሙሉ ግን ያፈሩት ስለ ጾሙ አልነበረም፤ ጉልበቴን አይተው ዐይናቸው እንባ ሞላ። ደግነታቸው ሊገድለኝ ደርሶ ነበር፤ ቢሆንም ልቆጣቸው ፈልጌ ቁጣው አልመጣልኝም።

ሳሕኖቹን በፈላ ውኃና በሳሙና አጠብን። የቅቤ ቅሪት ግን በሳሙና ብቻ አይለቅም፤ ሰብለ አልኮል ያስፈልጋል አለች፣ የእሷ ደግሞ አልቋል። አያ ጫኔ ለገና ያስቀመጡት አንድ ጠርሙስ አረቄ ነበር። ሲያወጡት ፊታቸው ልጅ እንደሚድር አባት ሆነ። ጨርቅ በአረቄ እየነከርሁ ሳሕኖቹን ስጠርግ በነከርሁ ቁጥር ቀስ በል ይሉኛል። ጾም እስኪፈታ እሳቸው ሊቀምሱት አይችሉም፤ ብረቱ ግን ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ይጠጣል። የፍሬኑን ሸራዎች አውጥቼ በመሳያ ድንጋይ ፋቅሁ፤ ቀጥሎ በከሰል አጋልሁ። ከሸራው የወጣው ሽታ የተነጠረ ቅቤ ነበር፤ በጾም ቀን ለዚያ ሁሉ ጎረቤት ፈተና ሆንሁ።

ከሰዓት በኋላ እያነከስሁ አፋፉ ላይ ተመለስሁ። ሰብለ አይሆንም፣ አሁን የእኔ ተራ ነው አለች። እምቢ አልኋት። ፈርቼ ነበር፤ ከጠዋቱ ይልቅ አሁን ፈራሁ፣ ምክንያቱም አሁን ቁልቁለቱን አውቀዋለሁ። ለቀቅሁት። መታጠፊያው ላይ ቀስ ብዬ ጨበጥሁ፣ ብስክሌቱ እንደታዘዘ ሰው ቆመ። ባለማሳዋ ከድንቻቸው ቀና ብለው አዩኝና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ቀጥሎ ሰብለ ወረደች። የክትባት ሣጥኗ ከኋላ ታስሯል። በራሴ ጊዜ ያልጨፈንሁትን ዐይን በእሷ ጊዜ ጨፈንሁት፤ የገለጥሁት ሳቋን ከታች ስሰማ ነው።

ቅዳሜ

ጋቢውን ለአልጋ ቤቷ ባለቤት መለስሁ፤ ከባለማሳዋ ድንችም ግማሹን ሰጠኋት። የፍሬን ዘይቱን የሮብ ገበያው ሚኒባስ ሹፌር በደስታ ወስዶታል። አውቶቡስ ውስጥ ሙሉውን መንገድ ለእታለም የምለውን ሳጠና ዋልሁ። ፍኖተ ሰላም ላይ ያጠናሁት ዳንግላ ላይ ጠፋብኝ።

ባሕር ዳር መናኸሪያ እታለም ቆማለች፤ አጠገቧ ብስክሌቱን የሚጭን የእጅ ጋሪ ከነሰውዬው ተከራይታለች። አውቶቡሱ ሲቆም እኔን አላየችም፤ ጣራውን ነው ያየችው። ከዚያ ባዶ እጄን አየች።

«የታለ?»

«ሠራሁት፣ እታለም።»

ጉልበቴን አየችና በእጇ ወደ ጋሪው አመለከተች። ወጣሁ። ብስክሌት ሠሪው ይበልጣል በገዛ ከተማው፣ በገዛ ደንበኞቹ ፊት፣ በእጅ ጋሪ ተገፍቶ ወደ ቤቱ ሄደ። በመንገድ ሁሉንም ነገርኋት፤ ስለ ክትባቱ፣ ሁለት በሬ ስለቀበሩት እናት፣ ስለ ቅቤው። አይሠራም ብዬ መዋሸቴንም፣ ውሸቱን መመለሴንም ነገርኋት። ራሴ ሁለቴ እንደወረድሁበት ስነግራት ስልኳን አውጥታ ልጇ ጋ ደወለች፤ ይይዛል ወይ ብላ ብቻ ጠየቀች፣ መልሱን ሰምታ ዘጋች። ነጠላዋን ወደ ዐይኗ ወሰደች።

ከዚያ ቀና ብላ «ለምን አንተን የላክሁህ ይመስልሃል?» አለችኝ።

ወንድሟ ስለሆንሁና በከተማው አንደኛ ባለሙያ ስለሆንሁ ነው አልኋት።

«ባለሙያማ ሞልቷል። አንተን የመረጥሁህ እንደማትችለው እርግጠኛ ስለነበርሁ ነው።»

ጋሪ ገፊው ሳቁን ለመደበቅ አጎነበሰ። እኔ ልቀየም ወይስ ልኮራ አላወቅሁም። እታለም የጋሪውን ጠርዝ ይዛ ትንሽ ከተራመደች በኋላ ጨመረችልኝ። «አሁን ልጄ ያንን ቁልቁለት የምትወርደው በአንተ እጅ ሥራ ነው። በየወሩ እየሄድህ ታየዋለህ። የሚቀጥለውን እኔም አብሬህ እሄዳለሁ፤ ጋቢህን አሁኑኑ ግዛ።»